ማንኪያው

እናትሽ ባንቻምላክ ለሌሊት ፈረቃ በሰርቪስ ወጣች፣
አጥብታሽ፣ ጉንጭሽን ስማ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።
ቀረን እኔና አንቺ፤
አንድ አምፖል፣ አንድ የተቀደደ መረብ፣ አንድ ለቅሶ፤
ልጠግን መርፌውን ባነሳሁ ቁጥር ይመጣል ለቅሶሽ ተመልሶ።

ለሐጭሽ ደረትሽን አራሰው፤ ጨርቅሽን ሦስቴ ለወጥኩት፤
ጡጫሽን ትነክሻለሽ፤ የመረቡን ቡሽ ከአፍሽ ነጠቅኩት።
ድድሽ ቀልቷል፣ እንደ ዘጌ ቡና፣ ለቀማ እንደ ደረሰ።
ከሐይቁ በኩል ጉማሬ ሲያጉረመርም ይሰማል፤
ሰፈሩ ተኝቷል፤ ነፋሱ እንኳ አልነፈሰ።

ትናንት እትዬ አትጠገብ መጡ፤ አፍሽን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና
«ግግ ነው» አሉ። «ይሄ ነጩ። ልጂቱን ያስቀመጣት ይሄ ነውና
ከድልድዩ ማዶ የሚያወጣ ሰው አለ፣ እጁ ቀላል ነው፤
በስለት ጫር አድርጎ በጨው ያሸዋል፤ ስንቱን ልጅ ያተረፈው!»
ክፋት የለባቸውም። ወባ ሲጥለኝ ሾርባ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።
ለክፉ ሰው መልስ አይጠፋም፤
ደግ ሰው ነው የሚቸግረው።

እኔ ስስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?
ከላይ፣ በግራ በኩል፣ ክፍተት አለ፤
የክራንቻዬ ቦታ ነው፣ ገና ከድዱ ሥር ሳለ የተነቀለ።
ሰባት ወሬ ነበር፣ እንዳንቺ። እናቴ በደንገል ታንኳ ይዛኝ ተሻገረች።
ተቅማጡ አልቆመም። ደሙም አልቆመም።
እየቀዘፈች፣ እያለቀሰች ተመለሰች።
የወተቱ ጥርስ ቀረ፤ ተተኪውም ጠማማ ወጥቶ ሳይቆይ ወደቀ፤
በሰርጌ ዕለት ፎቶ አንሺው «ሳቅ በል!» ሲለኝ
ከንፈሬ በራሱ ጊዜ ጠበቀ።

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩሽ።
ሲስተር ይታይሽ ድድሽን ዳሰሰች፤
«ምን ትል አለ? ጥርስ ልታበቅል ነው እንጂ» ብላ ሳቀች።
«ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች፤ ተቅማጡ ከዚያ ነው የመጣ፤
እጇን እጠብ። ይሄን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠህ አጠጣ።
ጡት አይቋረጥ። ስለት አይንካት። ማር አትቀባ።
ጡጦ አፏ ውስጥ ይዛ እንዳትተኛ።
ንጹሕ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጣትህ፤ ጠዋትና ማታ።»

ጣቴ!
ናይለን የሸነተረው፣ የአምባዛ እሾህ የበሳው ጣቴ።
ጥፍሬን ቆረጥኩ፤ በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ፤
አሁንም ቆሮሶ ቆሮሶ እሸታለሁ።
እናትሽ ከፋብሪካ ያመጣቻት ቁራጭ አለች፣ ተቀቅላ የነጣች፤
በሷ ጣቴን እጠቀልላለሁ።

አፍሽን ክፈቺ። አትንከሺኝ።
እሺ፣ ንከሺኝ።
ከታች፣ መሃል ላይ፣ በጨለማ መረብ ሲጎተት
ዓሣ መኖሩን ጣት ከዓይን ቀድሞ እንደሚያውቀው፣
አንድ ነገር ያዘኝ፤ ትንሽ፣ ሸካራ።
ወደ አምፖሉ አዞርኩሽ፤ ዓይኔ አላገኘው።
የሻይ ማንኪያ አምጥቼ ነካ ሳደርገው
ቅጭል አለ።
ከፎገራ ሩዝ ግማሽ የማይሞላ ነገር
ብረት አናገረ።

ሊነጋ ሲል ሰርቪሱ ቆመ። ለእናትሽ ምንም አልነገርኳት።
አንቺን አስታቀፍኳት፤ ከፀጉሯ የጥጥ ብናኝ ለቀምኩላት።
ጡቷን ሰጠችሽ። ቆየ። ቆየ።
«ወይኔ!»
አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የምትጮህ መስሎኝ ሳቀች፤
እኔም ሳቅሁ፣ ከንፈሬን መጠበቅ ረስቼ፣
ክፍተቴን ለአምፖሉ ከፍቼ።

ጨርቋን አጥቤ በመረቡ ገመድ ላይ አሰጣሁ፤ ለማታ ትፈለጋለች።
ማንኪያውን ግን ከጠረጴዛው አላነሳሁም፤
እትዬ አትጠገብ ሲመጡ
ጆሯቸውን አስጠግተው ይስሙ።